ባለ ሦስት ዓይኑ

ሆሳዕና፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሆሴዕ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። እኛ ደህና ነን። ዘመን መለወጫችን ያሆዴ በሰላም አለፈ፣ የበዓሉን ምግብ አተካናውንም ያለ አንተ በላነው። ድርሻህን አጎትህ ወልደየሱስ በልቶልሃል፤ ታውቀው የለ፣ የሌለ ሰው ድርሻ ሲሆን ሆዱ አይጠግብም።

መጻፍ አይደክምሽም ወይ፣ ለምን ድምፅ አትልኪም ላልከው፣ አይደክመኝም። ያን ጊዜ የላክሁልህን ድምፅ ሱቅህ ውስጥ ከፍተኸው ደርባን ያለ የሆሳዕና ልጅ ሁሉ ስለ ወገቤ ሕመምና ስለ ጎረቤቴ ስለ እታለም ያወራሁትን ሰማ። ወሬው ከደርባን ዞሮ እታለም ጆሮ የገባው እኔ ከቅቤ ገበያ ሳልመለስ ነው! አንድ ወር አኮረፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፄን አታገኛትም። በሀዲይኛ ማውራት ይቀለኛል፤ መጻፍ የተማርኩት ግን በአማርኛ ነውና በአማርኛ እጽፋለሁ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፣ ወረቀቱንም ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ።

ሰባተኛው ሰዓትህ ደርሶኛል። ያስያዝከው ወንዳፈረው እንዳልከው እጁ ላይ አስሮት ነው ከደቡብ አፍሪካ የመጣው። ፍታው ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። "አክስቴ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርጌው ልሂድና ልመልስልሽ" ብሎ ለመነኝ፤ በጄ አላልኩም። ከዚያ አገላብጬ አየሁት። እውነቱን ልንገርህ? ብረት ነው። ወርቅ እንኳ ጠብ አላለበትም! ጥቁር ፊት፣ ፊቱ ላይ ሦስት ትናንሽ ዓይን፣ በጎኑ ሁለት ቁልፍ። ይህን ሁሉ ዘመን ስታሳድደው የኖርከው ይኸንን ነው? ስሙን ምላሴ አልይዘው ስላለኝ "ባለ ሦስት ዓይኑ" ብዬዋለሁ።

የት ነው የምታስቀምጫቸው እያልክ ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ። እታለም ቤት ሌባ ገብቶ ከአልጋ ሥር ሳጥኗን ሳይቀር ተሸክሞ ከሄደ ወዲህ ቦታ ቀይሬላቸዋለሁ። ሌባ እጁን የማያስገባበት ቦታ ናቸው። ብረታቸውም አይዝግም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፤ ሥራዬን አውቃለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሽማግሌዎቹ ሮዳስን ሊጠይቁልህ ሺንሺቾ የሚሄዱት በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ወልደየሱስ ይመራል። አባቷን አቶ ጠናን በሩቁ አጣርተናል። የስፖርት አስተማሪ ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው ይላሉ። አንድ የሰማሁት ነገር ግን አለ፣ ልደብቅህ ብዬ ሆዴ አልቻለም። "የደቡብ አፍሪካ ልጆች ይመጣሉ፣ መኪና ተከራይተው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አንጠልጥለው አንድ ወር ይጨፍሩና ይሄዳሉ። ልጄን ለታይታ ሰው አልሰጥም" ብለዋል አሉ። አባትህ ካረፈ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግሁህ፤ አንተ የታይታ ሰው እንዳልሆንክ አውቃለሁ። እሳቸው ግን አያውቁህም። ስለዚህ ጸልይ። ሰዓት ማሳደዱንም ለጊዜው ቀነስ አድርገው።

አክስትህ ገነቴ

*

ደርባን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ። ስለ ድምፁ ነገር ዛሬም ይቅርታ። እታለምን በምን እንደምክሳት እያሰብኩ ነው፤ እስከዚያ አንቺ ሳሚልኝ።

"ብረት ነው" ስትዪ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። አክስቴ፣ ዋናው ነገር እኮ ብረት መሆኑ ነው! የወርቁንማ ማንም ሀብታም ገብቶ ይገዛዋል። የሚጠፋው ብረቱ ነው፤ ስማቸውን አስመዝግበው ዓመታት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እኔ ያገኘሁት ሱቁን ሊዘጋ ካሰበ ሽማግሌ ህንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነው። ስንት ቅዳሜ እየሄድኩ ሻይ አብሬው ጠጣሁ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ፣ ስለ ስኳሩ አወራኝ፣ እኔ ዓይኔ መሳቢያው ላይ ነው። በመጨረሻ "ለሚወደው ሰው ይሂድ" ብሎ አወጣልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት አክስቴ።

ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ። ክሮኖግራፍ ይባላል፤ ሰዓት ከመናገሩ ሌላ የሩጫ ሰዓትም ነው። የላይኛውን ቁልፍ ስትጫኚው ቀጭኗ መርፌ መሮጥ ትጀምራለች፣ ስትደግሚው ትቆማለች፣ የታችኛው ደግሞ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ከሦስቱ ዓይኖች አንዱ ሰከንድ፣ አንዱ ደቂቃ፣ አንዱ ሰዓት ይቆጥራል። ባትሪ የለውም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል። ውኃም አያስገባም፣ ባሕር ውስጥ ይዋኙበታል። እባክሽ ግን አትጫኚው! ቴሌቪዥንም አጠገብ አታስቀምጪው።

ለምን አታደርጋቸውም እንዳትዪኝ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያሰረ ሰው እጁም አይተርፍለትም። ስለዚህ እገዛለሁ፣ መኝታ ቤቴን ዘግቼ አያለሁ፣ ከዚያ ወደ አንቺ እልካለሁ። ሰባት ሰዓት አለኝ፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ የማየው ግን ስልኬ ላይ ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም፣ ሮዳስም ትስቅብኛለች። የሁሉንም ፎቶ ልኬላታለሁ፤ ስለ መርፌው፣ ስለ ማሰሪያው፣ ስለ መስታወቱ ያልነገርኳት የለም። ምስኪን፣ ትሰማኛለች።

ጋሽ ጠና ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነታቸውን እኮ ነው፤ እነዚያን ልጆች እኔም አውቃቸዋለሁ። ግን እኔ ሰዓቶቼን ለማን አሳየሁ? ማንም አያያቸውም! ይህን ደግሞ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ከሮዳስ ሌላ አላሰብኩም፣ አላስብምም። እሷን ካጣሁ እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ፍርግርግ ብረት ውስጥ ቆሜ ዳቦና ሲጋራ የምሸጠው ለማን ብዬ ነው? ስለዚህ አደራሽን፣ እዚያ ቤት ስለ ሰዓት አንድ ቃል እንዳይነሳ። የአጎቴን አፍ ያዢልኝ። ባዶ እጃቸውንም አይሂዱ፤ ካለሽ ቅቤ ጥሩውን ምረጪላቸው።

ልጅሽ ሆሴዕ

*

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ፣ ለምሳሳልህ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለሆሴዕ፣

እንዴት ነህ ልጄ? በጣም እንዴት ነህ? ሱቁ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ደርባን ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ? ያ ሻይ ያጠጣህ ህንዳዊ እንዴት ነው፣ ስኳሩ ወረደለት? እኔ ደህና ነኝ። ወልደየሱስም ደህና ነው፤ እንዳታስብ፣ አልመታሁትም።

እሰይ! የምሥራች! እሺ ብለዋል! ሮዳስ ያንተ ናት። እልልታውን ደርባን ሆኜ ሰማሁት እንዳትለኝ እንጂ፣ ወሬው የመጣ ቀን ግቢውን አናወጥነው።

እንዴት ሆነ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። በመጀመሪያው ቀን አቶ ጠና ብዙም አልተናገሩም። "እናስብበት፣ እንጸልይበት" ብለው ሸኟቸው። የሽማግሌ "እናስብበት" ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ የእኛዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጥተው ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ራሳቸው አቶ ጠና ያደሩበት ድረስ መጡ። "የልጁን ልብ አየሁት፤ ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። ወልደየሱስ ደንግጦ ገና ያልቀመሰውን ሻይ እንደያዘ "አሜን" አለ።

በአንድ ሌሊት ምን ለወጣቸው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ጸሎት ነው። ጸሎት ብዙ ነገር ይለውጣል።

አሁን እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዲያው ለወሬ ያህል። ከሰባቱ ሰዓቶችህ ትንሽ የምትወደው የትኛውን ነው? ማለቴ ከሰባቱ አንዱ ባይኖር፣ የትኛው ቢሆን ሆድህን አይብስህም? አልጠፋም! ባለ ሦስት ዓይኑን እንዲያው አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ከሌሎቹ ያን ያህል አብልጠህ አትወደውም አይደል? መሆን የለበትም። ብረት ነው።

ጽሑፌ ከተበላሸ ይቅርታ አድርግልኝ። በጠቅላላውም ይቅርታ አድርግልኝ።

አክስትህ ገነቴ

*

ደርባን፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣ አክስቴ፣ አክስቴ!

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ አንብቤ ጮኽኩ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ዘራፊ የገባ መስሎት መሬት ላይ ተኛ። አንስቼ አቀፍኩት፣ ዳቦውንም መረቅኩለት። አገር ሁሉ ይስማ፣ እኔ ሆሴዕ ሮዳስን አገኘሁ! ጌታ ይባረክ። አጎቴንም ባርኪልኝ፤ በሚቀጥለው ያሆዴ የእኔን ብቻ ሳይሆን የሚስቴንም ድርሻ ይብላ።

ጥር ላይ እመጣለሁ። ሮዳስ ትናንት ስደውልላት ደስ ብሏታል፣ ግን የሆነ ነገር በጉንጯ ይዛለች። "አክስትህን ጠይቅ" ብላ ዘጋችብኝ።

እንግዲህ ልጠይቅ። "አልጠፋም" በዪኝ ብሎ ማን ለመነሽ? "በጠቅላላው ይቅርታ" ምንድነው? ወልደየሱስን ለምን ትመቺዋለሽ? ሰባቱንም ሰዓት ፎጣ ላይ ደርድረሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ዛሬውኑ።

ልጅሽ ሆሴዕ

*

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሆሴዕ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ስታነብ ሰላም የሚኖርህ ከሆነ።

በፎቶው ላይ ስድስት ብቻ ነው የቆጠርኩት ብለሃል። ልክ ነህ። ሰባተኛው ፎጣው ሥር ገብቶ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። ሁሉም ለምን ያብለጨልጫሉ፣ ምን ቀባሻቸው ላልከው ደግሞ፣ ቅቤ ነው።

ቆይ፣ አትጩህ። እስኪ አንብብ። ሰዓቶችህን የማስቀምጠው ቅቤ ውስጥ ነበር። በሳል ቅቤን ሌባ አይነካውም፣ ሽታው ራሱ ዘበኛ ነው። አባቴም ማጭዱን ቅቤ ቀብቶ ነበር ክረምቱን የሚያሳልፈው፤ አንድ ቀን ዝጎ አላየሁትም። አንተ ደግሞ ባሕር ውስጥ ይዋኙበታል ብለሃል። ባሕር ያልገባበትን ቅቤ ምን ያስገባበታል አልኩ። እያንዳንዱን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በቅቤ ድቡልቡል መሐል ከትቼ፣ በእንሰት ቅጠል አስሬ ጓዳ መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። ሌላ ሰው ቢያይ ለገበያ የተዘጋጀ ቅቤ ነው የሚመስለው። እስካሁን ደግሞ አንዱም አልተነካም! ጎበዝ ነኝ ብዬ በልቤ ራሴን አመሰግን ነበር።

ባለ ሦስት ዓይኑ የመጣ ቀን ግን በሳል ቅቤ አልቆብኝ ስለነበር ለጋው ውስጥ ከተትኩት። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲነሱ እኔ ዳምቦያ ገበያ ነበርኩ። ለወልደየሱስ "ሺንሺቾ የምትወስዱት ቅቤ በር አጠገብ ያለው ነው" ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት። እሱ ግን መደርደሪያው ላይ ወጥቶ ቅቤውን ሁሉ በአፍንጫው እየለየ፣ ነጩን፣ ትኩሱን፣ ትልቁን አንስቶ ሄደ። "ለወንድሜ ልጅ ጉዳይማ ከምርጡ ነው እንጂ" ብሎ። አየህ፣ ለአንተ ብሎ ነው። ለዚህ ነው ያልመታሁት።

ከዳምቦያ ተመልሼ መደርደሪያውን ሳይ ባለ ሦስት ዓይኑ ያለበት ቅቤ የለም። የእሺታው ወሬ ሲመጣ ደግሞ ግማሽ ልቤ እልል ይላል፣ ግማሽ ልቤ ይርዳል። ሙሽራዋን ልይ ብዬ ሺንሺቾ በረርኩ። በር የከፈቱልኝ አቶ ጠና ናቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ባለ ሦስት ዓይኑ እጃቸው ላይ ነው! ኩም አልኩ ልጄ። ሰላምታውን እንኳ በግራ እጄ ሰጠሁ።

"ወይዘሮ ገነቴ" አሉኝ፣ "እምቢ ልል ነበር። ብዙ የደቡብ አፍሪካ ልጅ አይቻለሁ፤ ስጦታውን መኪና ላይ ጭኖ፣ ጥሩንባ እያስነፋ ነው የሚያመጣው። ባለቤቴ ቅቤውን ስትቆርስ ቢላዋዋ ብረት ነካ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የዞረው። ልጁ ማንም እንዳያይበት ደብቆ ላከ። ሽማግሌዎቹ እንኳ አያውቁም ነበር! ወንጌሉ እንዳለው በስውር የሚሰጥ ሰው ነው።"

"ኧረ ስህተት ነው" የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። በዚህ መሐል ሮዳስ ውኃ ይዛ ገባች። እኔን አየች፣ የአባቷን እጅ አየች፣ ከንፈሯን ነከሰችና ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። እኔም ጭጭ አልኩ። ተመልሼ ያን ደብዳቤ ጻፍኩልህ፤ ጽሑፌ የተበላሸው ለዚህ ነው።

አቶ ጠና ሰዓቱን ከእጃቸው አያወልቁትም። ተማሪዎቻቸውን ያሯሩጡበታል፤ የላይኛውን ቁልፍ ጠቅ፣ የታችኛውን ጠቅ። መጥፎ ዜና መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ደስታቸውን ብታየው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ሰዓቱን መልሱልን ካልን "በስውር የሰጠ" ያሉት ልጅ ምንም እንዳልሰጠ ይወጣል፣ ልጅቷን እናጣለን። ዝም ካልን ሰዓትህ ሄደ። አንተ ወስን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፈር ልብላልህ፣ ይቅር በለኝ።

አክስትህ ገነቴ

*

ደርባን፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ቅቤ ውስጥ? ቅቤ! ሰባቱንም?

ቅቤው በቁልፎቹ ቀዳዳ ገባ? ቢላዋዋ የት ላይ ነው የነካችው? መስታወቱ ላይ ነው ማሰሪያው ላይ? ጭረት አለበት? ጋሽ ጠና መርፌዋ እየሮጠች ሳለ የታችኛውን ቁልፍ አልተጫኑትም? ፀሐይ ላይ አስቀምጠውታል? በምን አጠቡት? በሳሙና እንዳትዪኝ! ያ ሽማግሌ እኮ ለሚወደው ሰው ይሂድ ብሎ ነው የሰጠኝ! እኔ እጄ ላይ ሳላደርገው ሺንሺቾ ሜዳ ላይ ልጅ ያሯሩጡበታል!

እዚህ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ሱቁን ዘጋሁ። ባሕር ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። የሚናደድ ሰው ባሕር አጠገብ ሲቀመጥ ሞኝ ይመስላል፤ እኔም መሰልኩ። አሁን ቀዝቅዣለሁና ከመጀመሪያው ልጀምር።

አንቺ ላይ አልተቆጣሁም። እንዴት ብዬ እቆጣለሁ? ያሳደገችኝን ሴት። በዚያ ላይ ብቻዬን ስቄአለሁ፤ ስድስቱ ቅቤ ቅቤ እየሸተቱ ፎጣ ላይ ተኝተው ሳያቸው።

"ዝም በዪ" ልልሽ ነበር። ቀላሉ እሱ ነበር። ሰዓቱ ይቅር፣ ሮዳስን ላግኝ፣ ማን ያውቃል? ግን አስቢው እስኪ። ጋሽ ጠና እሺ ያሉት ለእኔ አይደለም። በስውር ለሚሰጥ ሰው ነው እሺ ያሉት። እኔ በስውር የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ሳያውቁኝ ነው ልጃቸውን የሰጡኝ። ነገ ገበታቸው ላይ ተቀምጬ "የኔ ልጅ" ሲሉኝ፣ ያልሆንኩትን ሰው ዕድሜ ልኬን ተሸክሜ ልዞር ነው? ሮዳስንስ በምን ዓይኔ አያታለሁ? እሷ ደግሞ ሰዓቱን ታውቀዋለች፤ ገና ሳልገዛው ጀምሮ ፎቶውን ልኬላታለሁ እኮ። ዝም ማለቷ አስፈርቶኛል።

ስለዚህ ሂጂና ንገሪያቸው። ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ቅቤውን፣ አጎቴን፣ ሰባቱንም። ሰዓቱን መልሱ እንዳትዪ። ከወደዱት የእሳቸው ይሁን፣ አሁን እኔ ነኝ የምሰጣቸው፣ በግልጽ፣ በአንቺ አፍ። አልፈልግም ካሉም መብታቸው ነው።

ሮዳስን ግን ለምኚልኝ። እውነቱን ሰምተው እምቢ ቢሉ ይሻላል ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። አይሻልም። ይገድለኛል። ግን ይሁን። ከሰዓቱና ከእሷ ምረጥ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ ስላልነበረ ነው ሰባት የደረሱት። ምረጥ ብትለኝ ኖሮ አንድም አይኖረኝም ነበር። ይህን ንገሪያት፤ እኔ ስነግራት ስለ ሰዓት አውርቼ ነው የምጨርሰው።

ልጅሽ ሆሴዕ

*

ሺንሺቾ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሆሴዕ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ከየት እንደምጽፍልህ አየህ? ከአቶ ጠና ቤት፣ በአቶ ጠና ጠረጴዛ፣ በአቶ ጠና ብዕር። ቁጭ በልና አንብብ። ቆመህ ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር ያዝ።

ወልደየሱስን ጥፋቱ የጋራችን ነው ብዬ ጎትቼ አመጣሁት። መንገዱን ሁሉ እሱ "ለምን አልነገርሽኝም" ሲል፣ እኔ "ለምን ታሸታለህ" ስል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ባልና ሚስት መስለነው ሊያስታርቀን ተነሣ። እንደዚሁ ተጨቃጭቀን ደረስን።

አቶ ጠና ምሳ አቀረቡልን። እኔ ሳልቀምስ ነገርኳቸው፤ ከቀመስኩ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራል? ሌባውን፣ ለጋውን፣ መደርደሪያውን፣ አንድም አላስቀረሁም። "ልጁ ሰዓቱን መልሱ አላለም፣ ከወደዱት የእርስዎ ይሁን ብሏል፣ ግን ያልሰጠሁትን ሰጠ እንዲሉኝ አልፈልግም ብሏል" አልኳቸው። ሰዓቱን ከእጃቸው ፈቱ፣ በመሐረባቸው ጠረጉት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ወልደየሱስ ጭንቅ ሲለው ጸሎት ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ በክርኔ ነካሁት።

"እንግዲህ ልጁ ያሰብኩት ሰው አይደለም" አሉ።

ልጄ፣ ብርድ ልብስ የለበስኩ ይመስል ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

"መጀመሪያ የታይታ ሰው ነው ብዬ ፈራሁት። ቀጥሎ ቅዱስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለቱንም አይደለም" አሉ። ወዲያው ሳቃቸው መጣ፤ ትከሻቸው ነው መጀመሪያ የሳቀው። "ቅቤ! እኔ እኮ ለምእመናኑ ሁሉ ተርኬዋለሁ፤ እሑድ ምን ብዬ ልመልሰው ነው?" አሉ። ያን ጊዜ ባለቤታቸው፣ ወልደየሱስ፣ እኔ፣ ሁላችንም ሳቅን። እኔ እንባዬ እስኪወርድ። ከዚያ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ቅዱስ አማች ለቤት ይከብዳል። ሰዓት የሚወድና ሲሳሳት የሚናገር ልጅ ይበቃኛል። ግን አሁን የእኔ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሮዳስ ትጠየቅ" አሉ።

ሮዳስ ተጠራች። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች! "የሰዓቱን ፎቶ ከራሴ ፎቶ ይልቅ አውቀዋለሁ" አለች። አባቷ "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" ሲሏት፣ አንተ ልጅ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? "መጀመሪያ ማንን እንደሚጠይቅ ማወቅ ፈልጌ ነው። ሰዓቱን ወይስ እኔን" አለች።

ጉድ ፈላ! የደብዳቤህ መጀመሪያ ትዝ አለኝ፤ መስታወቱ፣ ጭረቱ፣ ቁልፉ፣ ሳሙናው። "ማንን ጠየቀ አክስቴ?" ብላ አፈጠጠችብኝ። ወልደየሱስ "አንቺን ነው" ብሎ ጮኸ፤ እሱ እኮ ደብዳቤውን አላነበበውም። እኔ ግን መዋሸት ሰልችቶኛል። ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋትና "እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ መሐል ላይ ከተውሽው አልቀየምሽም ማለት አልችልም" አልኳት።

በሩ ላይ ተደግፋ አነበበች። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ። ቀጥሎ ሳሙናው ላይ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች፤ ያለቀሰች መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቅ ነው። ከዚያ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቆየ፣ ደግማ አነበበችው፣ የትኛው ቦታ እንደሆነ እኔና አንተ እናውቃለን። ስልኩን ስትመልስልኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ዛሬ ትጽፊለታለሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ታች ላይ ቦታ ተዪልኝ" አለችና ወጣች።

ይኸው ቦታ ትቼላታለሁ። ሰዓቱ ፊት ለፊቴ ነው። አቶ ጠና "አልቀበልም፣ ልጁ ሲመጣ ይውሰድ" ካሉ በኋላ፣ ትንሽ ቆይተው ተመልሰው "የትምህርት ቤት ውድድር አለብን፤ እስከ ዓርብ ላቆየው?" ብለው ጠየቁኝ። እሺ አልኳቸው። ልትቆጣኝ ትችላለህ፣ ግን እሺ አልኳቸው።

አክስትህ ገነቴ

ሆሴዕ፣ ሮዳስ ነኝ።

ጥያቄዎችህን በተራ ልመልስልህ። ቅቤ አልገባበትም። የእናቴ ቢላዋ የነካችው ማሰሪያውን ነው፤ አንድ ጭረት አለችበት፣ የጥፍሬን ጫፍ ታክላለች። ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በለብታ ውኃ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ አንተ ስለ መጀመሪያው ሰዓትህ እንዳስረዳኸኝ። በሳሙና አይደለም።

ያልጠየቅኸኝን ደግሞ ልመልስ። እሺ። ይኼኛው የአባቴ እሺ አይደለም፣ የእኔ ነው።

በሰርጋችን ቀን ግን ሰዓት አታድርግ። ያን እጅህን እኔ እይዘዋለሁ።

*

ደርባን፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ሰላምታውን በአካል አመጣዋለሁ። ጥር ድረስ መቆየት አልችልም፤ ለታኅሣሥ መጀመሪያ ትኬት ቆርጫለሁ። ለጋሽ ጠና ዓርብም ካለፈ በኋላ እንዳያወልቁት ንገሪያቸው፣ ሰዓቱ የእሳቸው ነው።

ለሮዳስ እሺ ብሏል በያት። ሁለቱንም እጄን ባዶ አድርጌ እመጣለሁ።

ሆሴዕ